የጣሊያኗ ሙሾ

በድርቁ ዘመን መካነ ሰላም ሳስተምር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቴፔ የጥንት ጣሊያኖችን ሙሾ እሰማ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት በዜማ ታለቅሳለች። ለሦስተኛ ጊዜ መልሼ ሳስጀምረው ጎረቤቴ እትዬ ከድጃ ንፍሮ ይዘው ገቡ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ! ማን ሞተብህ ልጄ?»

ደነገጥኩ። ንፍሮው ለልጆቻቸው ካስቀመጡት እህል እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ብበላ ማታለል፣ ብናገር እሳቸውን ማሳፈር ሆነብኝ። ብዙ አመንትቼ እውነቱን ተናገርኩ።

«ዘፈን ነው እትዬ። ሟቹ ጣሊያን ነው፤ ከሞተም ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል።»

«ጣሊያንም እንዲህ ያለቅሳል?» አሉና ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በል ድምፁን ከፍ አድርገው፤ የሰፈሩ ሴቶች ለቅሶ ሊደርሱ ከኋላዬ እየመጡ ነው።»