የኡሻንጊ ዕጢ ከማን መጣ?

ኡሻንጊን የማያውቅ የጆርጂያዋ ካኼቲ ሰው ካለ፣ እኛ መንደር ሰርግ በልቶ አያውቅም ማለት ነው። ጽዋ አንስቶ ድግሱን የሚመራው እሱ ነው። ለሙታን፣ ለሕያዋን፣ ለወይኑ፣ ገና ላልተወለዱት ሁሉ ሲመርቅ ምግቡ ይቀዘቅዛል፤ ሰው ግን አይነሳም። ሲጋራ በደጁ አልፎ አያውቅም። እኔ ዛይራ አጥር ለአጥር ነው የምኖረው፤ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝም ዶሮ ሳይሆን የእሱ ድምፅ ነው።

ታዲያ ባለፈው የበረዶ ወራት ሳል ያዘው። ዋና ከተማችን ትብሊሲ ሄዶ ሲታይ ሳንባው ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ ያውም እምብዛም የማይታይ ዓይነት። ሐኪሞቹ ከዕጢው ቆንጥረው መረመሩና «ዘረ መሉ ተለውጧል» አሉ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ መንደር ገባ፤ ሲገባም «የኡሻንጊ ቤተሰብ ደሙ በሽታ አለበት» ሆኖ ነበር። አይ የእኛ ሰው።

ልጁ ኬቶ ወይን በሚለቀምበት ወር ልትዳር ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ የማልኻዝ እናት ላማራ መጣችና ቁጭ እንኳ ሳትል «ኡሻንጊ፣ አትቀየመኝ፤ ሰርጉ ትንሽ ይቆይ። የልጅ ልጆቼን ማሰብ አለብኝ» አለችው።

ለራሱ ሞት ያልደነገጠው በልጁ ነገር ወገቡ ተቆረጠ። በፋሲካ ማግስት ሁላችን እንደ ልማዳችን ለሙታን የምናፈሰውን ወይንና ቀይ እንቁላል ይዘን መቃብር ስንወጣ እሱ ባዶ እጁን መጣ። አባቱ መቃብር ላይ ቆሞ «ያወረስከኝ ይቺን ነው? ለኬቶም እንዳስተላልፍላት?» አለውና ጠብታ ሳያፈስለት ወረደ።

እኔ ደሜ ፈላ። መኪናዬን አስነስቼ ላማራ ደጅ ሄድኩ።

«ነይ ውጪ። የኡሻንጊ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፤ የምትሰሚውን በገዛ ጆሮሽ ስሚ።»

ኡሻንጊንም ከደጁ አሳፈርኩት፤ ሁለቱ መንገዱን ሁሉ በየመስኮታቸው እያዩ ሄዱ።

ሐኪሟ ማካ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ኡሻንጊ ገና ሳይቀመጥ «ልጄም ላይ አለ ወይ?» አላት።

«ምኑ?»

«ለውጡ ነዋ። ከአባቴ የወሰድኩት።»

«ማን ከአባትዎ ወሰዱ አለዎት? ለውጡ ያለው ዕጢው ውስጥ ብቻ ነው። ደምዎንም አብረን አይተናል፤ የለም። ሲወለዱም አልነበረም። ሳንባዎ ውስጥ አንዲት ህዋስ ራሷን ስታባዛ ሁለት ዘረ መሎች ተሰብረው ያለቦታቸው ተጣበቁ፤ በቃ፣ እዚያው ተጀመረ። ከአባትዎ አልመጣም፣ ወደ ልጅዎም አይሄድም።»

ኡሻንጊ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ቆይ እንጂ ጋሼ ኡሻንጊ» አለች ማካ፤ «የእርስዎን መቼ ነገርኩዎት? ይህን ለውጥ ለይቶ የሚመታ፣ የሚዋጥ መድኃኒት አለ።»

«እሱን በኋላ ትነግሪኛለሽ የኔ ልጅ። መጀመሪያ በሰማሁት ልደሰትበት።»

ስንመለስ መቃብር ካልሄድን አለ። ለእህቴ ብዬ የገዛሁትን ማሰሮ ሙሉ ወይን ከመኪናዬ አውጥቶ «ይቅር በለኝ አባዬ፣ ስምህን በከንቱ አጠፋሁ» እያለ አባቱ ላይ ደፋው። ወይኔ አንገበገበኝ፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር።

ኡሻንጊ ደጅ ስንደርስ ኬቶ ልብስ ታሰጣለች። ያቺ ለቄስ እንኳ አንገቷን የማትሰብር ላማራ ከመኪና ወርዳ ፊቷ ቆመች።

«ኬቶ፣ አጥፍቻለሁ። ከአባትሽ ወደ አንቺ የሚሄድ ነገር የለም። ሰርጉ በቀኑ ይሁን፤ እባክሽ ልጄ።»

ኬቶ የያዘችውን አንሶላ አራገፈች፤ ቀስ ብላ ሰቀለችው።

«እንግዲህ ላስብበት» አለች። «እኔንም ስለእናንተ ቤት የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቸኩሎ መፍረድ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? እስቲ ማልኻዝን አስመርምሪልኝ።»

የላማራ ሳቅ ከሆዷ ፈነዳ፤ ኬቶ አንገት ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች ሳቀች። ኡሻንጊም ሳቀ። ሳሉ መጣበት፤ አንድም ሰው አልደነገጠም። ስሎ ሲጨርስ ሳቁን ካቆመበት ቀጠለ።