ፈቀደ ሬዲዮ ሠሪውና የፊታውራሪው ፔዦ

ፈቀደ መሸሻን ኮልፌ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። አባቱ ከከፋ ቡና እየጫኑ ሲመላለሱ ቆይተው እዚያው ኮልፌ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸውም ሱቁን ተረክቦ ሚዛን ላይ እንዲቆም ይፈልጉ ነበር። እሱ ግን ንግድ አልሆነለትም። ፒያሳ አንድ አርመን ዘንድ ገብቶ ሬዲዮ መጠገን ተማረና ኮልፌ ማዞሪያው አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሥራ ጀመረ። ዝምተኛ ነበር። ሰው ሲያናግረው ጆሮው ሌላ ነገር የሚያዳምጥ ይመስል አንገቱን ዘንበል ያደርጋል።

በኋላ በኋላ እንጀራው የመኪና ሬዲዮ ሆነ። ያኔ መኪና ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው ሬዲዮ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ሥር የተሸጎጠች አንዲት ስፒከር ብቻ ነበረችው፤ ዘፋኙን ጣሳ ውስጥ አስገብታ ነበር የምታዘፍነው። ካሴት የሚያጫውተው አዲሱ ዓይነት ሲመጣ ግን ባለመኪናው ሁሉ አሮጌውን አስነቅሎ እሱን ማስገጠም አማረው። መጀመሪያ ባለታክሲዎቹ መጡ፤ ቀጥሎ ነጋዴዎቹ፤ በመጨረሻም በስድሳ ስድስቱ ክረምት ፊታውራሪ ገብረአምላክ መጡ።

ፊታውራሪ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰፊ ግቢ ያላቸው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው። አስመራ ደርሰው ሲመለሱ ካሴት የሚያጫውት ሬዲዮ፣ አራት ስፒከርና አንድ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ገዝተው መጡና ነጩን ፔዦአቸውን ፈቀደ ደጃፍ አስቆሙት። እንደሌሎቹ መኪናውን ጥለው ይሄዳሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሥራውን ማየት ፈለጉ። ሾፌራቸው ጌታሁን ጃንጥላ ሊይዝላቸው ቢመጣ፣ ካፊያው አይጎዳኝም ብለው መለሱት።

ከኋላው መስታወት ሥር ያለውን መደርደሪያ ለስፒከሮቹ መብሳት ሲደርስ ፈቀደ አመነታ። ንጹሕ መኪና ነው፤ አንዴ ከተቀደደ አይመለስም። ፊታውራሪ ሳቅ ብለው ቅደደው አሉት። ቀደደው። ሁለቱን ከኋላ፣ ሁለቱን በሮቹ ላይ ገጠመ፤ አምፕሊፋየሩን ወንበሩ ሥር አስገባ፤ ሽቦዎቹን በምንጣፉ ሥር አሳልፎ ስታኞ አቅልጦ በየዳቸው። ሞተሩ ሲነሣ ስፒከሮቹ ውስጥ እንደ ትንኝ የሚያፏጭ ድምፅ ገባና ጥቂት አስቸገረው፤ እሱንም መንስኤውን ፈልጎ አጠፋው። የቀረው የኋላዋ ስፒከር ክዳን ነበር። ብሎኗ ጠፍታበት ኪሱን ሲዳብስ ፊታውራሪ ክዳኑን ተቀብለውት ከኋላ ወንበር ገብተው ተቀመጡና በመጀመሪያ ይሰማ አሉ።

ፈቀደ ከፊት ጌታሁን አጠገብ ተቀምጦ መጀመሪያ ካሴት አስገባ። መሰንቆው ሲነሣ ፊታውራሪ ደንገጥ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ፤ ከጀርባቸው ሰው የሚጫወት መስሏቸው ነበር። ከዚያ በራሳቸው ሳቁ። ጌታሁንም መሪው ላይ ሆኖ ሳቀ። ፈቀደ ደስ አለው፤ እንዲህ ጥርት ብሎ የወጣለት ሥራ አልነበረም።

“እስቲ ሬዲዮኑን” አሉ።

ካሴቱን አወጣና ጣቢያ ፈለገ። ሙዚቃው አልቆ ማስታወቂያ ሊነበብ ነው። በዚያ ክረምት ሬዲዮ በየጊዜው የባለሥልጣኖችን ስም እየጠራ ጦር ሰፈር ቀርባችሁ እጃችሁን ስጡ ይል ስለነበር አገሩ ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ነበር የሚያዳምጠው። አንባቢው አንድ ስም ጠራ፤ ቀጥሎ ሌላ። ፈቀደ ግን ስሙን ሳይሆን ድምፁን ነበር የሚሰማው፤ ወፍራሙን ትንሽ ከፈት፣ ቀጭኑን ትንሽ ዝቅ አደረገው። ሦስተኛው ስም ከአራቱም ማዕዘን በአንድ ጊዜ መጣ። ፊታውራሪ ገብረአምላክ፣ ከነአባታቸው ስም፣ ከነሥልጣናቸው።

 ፈቀደ ስሙን ራሱ የጠራው መሰለው። ቢያጠፋው የሰማውን እንዳልሰማ የሚያደርገው መስሎት ሊያጠፋው ሲል አንባቢው ወደ ሌላ ስም አለፈ። ፈቀደ በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢያይ ፊታውራሪ የስፒከሯን ክዳን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ ፊት ይመለከታሉ። ፊታቸው አልተለወጠም። 

“ደኅና አድርጎ ይሰማል” አሉ። “አሁን ዝጋው።”

ጌታሁን ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወረደ። የመኪናውን ቁልፍ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ ሲጋራ የሚሸጥበትን ሱቅም አልፎ፣ ማዞሪያውን ተሻግሮ ሄደ። ሁለቱም እያዩት ነበር። ፊታውራሪ ግን ልጆች አሉት ብቻ አሉ። ቀጥለው ፈቀደን መንዳት ትችላለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ፈቀደ መኪና አስገብቶ ከማውጣት በቀር ነድቶ እንደማያውቅ፣ መንጃ ፈቃድም እንደሌለው ነገራቸው።

“ዛሬ የሚጠይቅህ የለም። ወደ ጦር ሰፈሩ ውሰደኝ።”

“ቤት ሳይደርሱ ጌታዬ?”

“ቤት ከገባሁ መውጣቱ ያቅተኛል።”

ፈቀደ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ነዳ። በመርካቶ በኩል ሲያልፉ ሰው ሁሉ የሚያያቸው መሰለው፤ አንድም ሰው ግን አላያቸውም። ዝናቡ በረታ። መሪውን ከመጨበጡ ብዛት መዳፉ ደነዘዘ። የጦር ሰፈሩ በር ሲታይ ፊታውራሪ ድንገት ቀና አሉ።

“የቤታችን ሬዲዮ አንተ ጋ ነው አይደል?”

እውነት ነበር። ተበላሽቶ ከመጣ ሰንብቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

“እንግዲያው ባለቤቴ የሺእመቤት አልሰማችም። ከጎረቤት ከምትሰማው አንተ ሄደህ ንገራት።”

ወታደሮቹ በሩን ከፈቱ። ፊታውራሪ ስማቸውን ተናገሩ፤ ክዳኑን ለፈቀደ አቀበሉትና ኮታቸውን አስተካክለው በእግራቸው ገቡ። መኪናው እዚያው እንዲቀር ታዘዘ። ፈቀደን ምናቸው ነህ ብለው ጠየቁት፤ ሬዲዮ ሠሪ ነኝ ሲል የሚያሾፍ መስሏቸው ጥቂት አቆሙትና ለቀቁት።

አስኮ ሲደርስ በስብሶ ነበር። ወይዘሮ የሺእመቤት በረንዳው ላይ ሽንብራ እየለቀሙ ነበር። በዝናብ በእግሩ ሲመጣ አይተው ከጭቃው እንዲወጣ ጠሩት።

“ሬዲዮኑን አመጣኸው?”

 “አልደረሰም እሜቴ” አለ። እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁት ጊዜ ግን የያዘው የስፒከር ክዳን መሆኑን አየ። ያኔ የሆነውን እንዳለ ነገራቸው። አላሳጠረም፤ አላለሳለሰም።

አላለቀሱም። ሽንብራው ከሰፌዱ ፈሶ ደረጃው ላይ ተበተነ፤ እሳቸው ግን ሰፌዱን እንደያዙ ናቸው።

“የት ሆኖ ሰማው?”

“መኪናው ውስጥ። እኔ በገጠምኩት።”

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ፈቀደ የሚረግሙት መስሎት ቆመ። እሳቸው ግን ተነሥተው ገቡና ጋቢ አጣጥፈው ይዘው ወጡ። ብርድ አይችልም አሉ። እሳቸው ጦር ሰፈሩ ደጃፍ ቆመው ባላቸው ቢያያቸው እንደሚሰበር ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለዛሬ እሱ እንዲያደርስላቸው ለመኑት። ፈቀደ ጋቢውን ከኮቱ ሥር ሸጉጦ ያንኑ መንገድ ተመለሰ። ዘበኛው ተቀብሎ ለማን እንደሆነ ስም ጠየቀው። ፈቀደ በዚያ ቀን ያንን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ አፉ ጠራ።

ማታ ሚስቱ ሰርኬ ሱቁን ራሷ ዘግታ ጠበቀችው። ምግብ አቀረበችለት፤ አልበላም። የቤታቸውን ሬዲዮ ልትከፍት ስትል እጇን ያዛት። ምን ሆነሃል ብትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

በማግስቱ ሱቁ ደጃፍ ሰው ተሰልፎ አገኘ። ባለታክሲ፣ ነጋዴ፣ የጠላ ቤት ባለቤት፤ ሁሉም ሬዲዮው ድምፁ ከፍና ጥርት እንዲልለት ይፈልጋል፤ ማን እንደተጠራ እንዳያመልጠው። እንደዚያ ክረምት ሥራ በዝቶለት አያውቅም። ልጆች ማሳደግ ነበረበትና ሠራ። አንዱ ደንበኛ ቀልዶ ያንተ ስፒከር ሹም ይጠራል ቢለው ካቻቪቴውን አስቀምጦ ወጣና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳይመለስ ቀረ።

ፊታውራሪ ከዓመታት በኋላ ተፈቱ፤ ከስተው፣ ከዘራ ይዘው። አንድ ቀን አየር ጤና ላይ ተገናኙ። ፈቀደ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ እሳቸውም ስለ ሰርኬና ስለ ልጆቹ አንድ በአንድ ጠየቁት። ስለዚያ ቀን አላነሡም። ታክሲ ሲመጣ ፈቀደ ደግፎ አሳፈራቸው፤ ታክሲው ከዓይኑ እስኪጠፋም ቆሞ ሸኛቸው።