በሳሙና የታጠበው የሃያ ዓመት ወይን

የባለቤቴ አንድ ተራ ቀን እስከ ቅርብ ጊዜ የሚፈጀው ይህን ያህል ነበር፦ ደርሶ መልስ የአውቶቡስ ትኬት፣ ሁለት ዳቦ ከሻይ ጋር፣ ለእጁ ከጣሳ ቅባት ሩቡ፣ አንድ ጥንድ የላስቲክ ጓንት። ከጓንቱ ሁልጊዜ የሚቀደደው የቀኙ ነበር፤ የግራ የግራው ቤታችን ተከማችቷል፣ የሚፈልግ ካለ በነጻ እሰጣለሁ። ከኔ ጋር ደግሞ አንድ ጭቅጭቅ አለ። እሱንም ከወጪ እቆጥረዋለሁ፣ ምክንያቱም ጊዜ ይበላል። ጠጥቼ ያልጨረስኩትን ሻይ ከእጄ ነጥቆ ብርጭቆውን ያጥባል።

ሥራው ምግብ ቤት ዕቃ ማጠብ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሠርቶበታል። የሰፈሩ ሰው «አቶ ጽዱ» ይለዋል። ሊያገባኝ ሲያስብ መጀመሪያ እኛ ቤት የመጣ ዕለት፣ ምሳ በልቶ ሲያበቃ ሹልክ ብሎ ወጥ ቤት ገባና የእናቴን ያረረ ድስት እንደ መስታወት አድርጎት ወጣ። እናቴ በጆሮዬ «ልጄ፣ ይሄን እንዳትለቂው!» አለችኝ። አልለቀቅኩትም።

ችግሩ እጁ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሙቅ ውሃና ሳሙና የበላው እጅ ተሰነጣጥቆ እንደ ሞረድ ሆኖ ነበር። ልጃችን ያኔ ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር፤ ጉንጯን ሊዳብሳት እጁን ሲዘረጋ ፊቷን ታዞርበት ነበር። ይሄ ነገር አንጀቱን በላው። ስለዚህ ወደ ሳሎን ወጥቶ አስተናጋጅ ለመሆን የምግብ ቤቱን ባለቤት መለመን ጀመረ። ሠራተኞቹ ሁሉ እትዬ ነው የሚሏቸው። እትዬ ወር ሙሉ «አንተ ወጥተህ ማን ሊያጥብ ነው?» እያሉ መለሱት። በመጨረሻ ግን፦

«ዓርብ ለእራት ሦስቱ ወዳጆች ይመጣሉ። አንተ አስተናግዳቸው። ያለ እንከን ካለፈ ሰኞ ሳሎን ትገባለህ። ካበላሸህ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ» አሉት።

ሦስቱ ወዳጆች ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ አንዲት የጥርስ ሐኪምና አንድ ልብስ ሰፊ ናቸው። ወይን ገዝተው ምግብ ቤቱ ምድር ቤት ያስቀምጣሉ፤ በየዓመቱ ሲሰበሰቡ ካስቀመጡት እያወጡ ይቀምሱና የማን እርጅና እንዳማረበት ይከራከራሉ። የዘንድሮው የዳኛው ሃያ ዓመቱ ነው፣ የሐኪሟ አሥራ ሁለት፣ የልብስ ሰፊው ሰባት።

ዓርብ ዕለት የተኮስኩለትን ነጭ ሸሚዝ ረስቶ ሄደ። ልጄን አዝዬ በጓሮ በር ወጥ ቤቱ ድረስ ይዤለት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጠርሙሶች እንደ ሙሽራ ተሰልፈው ያበራሉ።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

«አሮጌዎቹ ወይኖች! እትዬ ከምድር ቤት አውጥተህ አዘጋጅ አሉኝ። አቧራቸውን ብታዪ! ሸረሪት ጎጆ ቀልሶባቸው። ሰው ፊት ይቀርባሉ እንዴ? በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኳቸው።»

«ዓመቱ የተጻፈበት ወረቀትስ?»

«የምን ወረቀት?»

ሁለታችንም የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ አየን። ሦስት ወረቀቶች አረፋው ላይ ይዋኛሉ።

«ሳህን ወረቀት የለውም እኮ» አለ፣ ክው ብሎ።

«የቱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ሳላጥባቸው አውቅ ነበር።»

ሦስቱም ጥቁር አረንጓዴ፣ ሦስቱም እኩል ቁመት። ማልቀስ ጊዜ ማባከን ስለሆነ፣ ሦስት ነጭ ፎጣ አንስቼ ጠርሙሶቹን እስከ አንገታቸው ጠቀለልኳቸው። «ትልቅ ቦታ እንዲህ ነው የሚቀርበው። ሂድ!» አልኩት። እኔ ልጄን መሬት አስቀምጬ፣ በምግብ ማቀበያው መስኮት አንገቴን አሰገግኩ።

«የእኔን አስቀድም ልጄ» አሉ ዳኛው።

ባለቤቴ በቅርብ ያገኘውን ቀዳ። ዳኛው አሸተቱ፣ ጎንጨት አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ትንሽ ሞቅ ይላል።»

«ዕድሜ ነዋ ክቡር ዳኛ!» አለ ልብስ ሰፊው። «ሃያ ዓመት የቆየ ነገር ቢሞቅ ይገርማል?»

«እውነትህን ነው። ይህን የገዛሁት ልጄን የዳርኩ ዕለት ነው። ያ ቀን ይኸው እዚህ ውስጥ አለ» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እዚህ ላይ የኔ ሰውዬ አልቻለም። እኔ በመስኮቱ አፌን በእጄ ይዤ «ዝም በል» እለዋለሁ፣ እሱ ወደኔ አያይም።

«ክቡር ዳኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅዎን የዳሩበት የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሦስቱንም አጥቤአቸዋለሁ።»

«ምን አደረግካቸው?»

«በሳሙና።»

ፎጣዎቹን ገለጣቸው። እትዬ ከገንዘብ መቀበያው ተነስተው መጡ፤ ፊታቸውን ለማየት ድፍረት አጣሁ። በዚያው ቅጽበት ልጄ ከእግሬ ሥር የለችም። ለካ ከገንዳው ሞልቶ ከፈሰሰው አረፋ ጋር የወደቀ አንድ ወረቀት አንስታ ግንባሯ ላይ ለጥፋ፣ ድክ ድክ እያለች ሳሎን ገብታለች። ሐኪሟ ብድግ አደረገቻትና ግንባሯ ላይ ያለውን ዓመት አነበበች።

«ክቡር ዳኛ፣ ወይንዎ ተገኘ!» አለች። ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ አየችና «ሃያ ዓመት ሞልቷት አራት ጥርስ ብቻ? ይሄማ ሐኪም ያስፈልገዋል!»

ልብስ ሰፊው ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ዳኛው። ከዚያማ ጉድ ፈላ፤ የቀሩትንም ጠርሙሶች ከፍተው ሦስቱንም አንድ በአንድ ቀመሱ። አንደኛው ማር ነው፤ ሦስቱም «የእኔ ነው!» ብለው ተጯጯሁበት። አንደኛው ደህና ነው። አንደኛው ፊት የሚያጨማድድ ኮምጣጤ ሲሆን፣ ባለቤት ጠፋለት።

«ይሄ የእርስዎ ነው፣ ክርክር ክርክር ይላል» አለ ልብስ ሰፊው ዳኛውን።

«ዝም በል! ይሄማ ያንተ ነው፣ ስፌቱ ተተርትሯል።»

ዳኛው በማንኪያ ጠረጴዛውን መቱ። «ፍርድ ቤቱ እንዲህ ወስኗል። ጣፋጩ የሦስታችንም ነው፤ ልጄም በእሱ ተድራለች። ጎምዛዛው የአጣቢው ነው፣ ይጠጣው!»

ባለቤቴ ቆሞ ጨለጠው። ከዚያም ባዶውን ብርጭቆ ይዞ ወደ ገንዳው ሊሮጥ ሲል እትዬ እጁን ያዙት።

«ወዴት ነው? ሰኞ ሳሎን ትገባለህ።»

«እትዬ... አበላሸሁ እኮ።»

«አዎ! ውሃ አጠገብ ካቆየሁህ የቀረውንም ታጥብልኛለህ። ምድር ቤት ገና አርባ ጠርሙስ አለኝ!»

ይኸው ሦስት ወር ሆነው። እጁ ለስልሷል፣ ልጃችንም ጉንጯን ትሰጠዋለች። ይህን ጽፌ ሳነብለት «አንድ ነገር ጨምሪበት» አለኝ። ቃሉ እንዲህ ነው፦

«ቤታችሁ የምታስረጁት ጠርሙስ ካለ፣ እባካችሁ ወረቀት አትመኑ። ዓመቱን በማይለቅ ቀለም ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ደግሞ ቂጡ ላይ ይሁን፤ ሌላውን ሁሉ ማንም ሰው ማሸቱ አይቀርም።»