በሩን አይቶ የሚቀመጠው ተዋናይ

ሰመራ ላይ የያዙኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ሸሚዜን አውልቄ፣ እግሬን ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክሬ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሦስት ሰዎች ገቡ። አንደኛው እግሬን አየና «ጨርስ፣ እንጠብቅሃለን» አለኝ። ፈተናውን ይሁን መታጠቡን አልገባኝም። እግሬን አደራረቅሁና የተተኮሰችውን አንዲት ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ወጣሁ። ሠርግ የተጠራሁ ይመስል እሷን ለምን እንደመረጥኩ እስካሁን ይገርመኛል።

ሎጊያን ስናልፍ ከባድ መኪኖቹ እንደወትሮው ተደርድረዋል፤ ሾፌሮቹም ከመኪናቸው ሥር ጥላ ፈልገው ተጋድመዋል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ትዝ የሚለኝ በእንቅልፍ ልብ ነው፤ ሜዳ፣ ግመል፣ የሚርገበገብ አየር፣ እንደገና ሜዳ። ስነቃ አዋሽ ሰባት ኪሎ ደርሰናል። አውቶቡስ ለምሳ ሲያቆም ስንቴ ወርጄ የበላሁባት ከተማ ናት። የእኛ መኪና ግን ሆቴሎቹን አልፎ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ የታጠረ ግቢ ገባ።

ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ የበቆሎ አቧራ ሽታ አሁንም አልለቀቀውም። መስኮት የለውም። የቆርቆሮውን በር ከኋላዬ ሲዘጉት ዓይኔ ጨለመ። መጀመሪያ የሰማሁት የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ ዝቅ በል። ከለልከን።»

ዝቅ አልኩ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ስድስት ሰዎች ታዩኝ። ከበሩ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ በሲባጎ የተሰቀለ ነጭ ጀለቢያ አለ። ጀለቢያው ላይ አንድ ወታደር ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይራመዳል። ሰማዩ ከታች ነው፤ የግቢው የግራር ዛፍ ከላይ ተንጠልጥሏል። ሙቀቱ ያዞረኝ መሰለኝ።

«አትፍራ» አሉኝ ሽማግሌው። «በሩ ላይ ምስማር የበሳው ቀዳዳ አለ። ፀሐይ ስትበረታ ግቢው በሷ በኩል ተገልብጦ ይገባል። ፊልም ማለት ይኸው ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው።»

የባቡር ጡረተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው፣ አዋሽ ጣቢያ ገና ሰው የሚርመሰመስበት ጊዜ፣ በሠራተኞቹ ክበብ የፊልም ማሽን ያጫውቱ ነበር። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው «ልጄን ፈልገው መጡ። ልጄ የለም። ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ እኔ ሄድኩላቸው» አሉኝ። ጀለቢያው የአንድ የሎጊያ ባለሱቅ ነው፤ የወሎ ሰው ነው፣ በሽርጥና በካናቴራ ነው የሚውለው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ፊልሙ ይቆማል፤ እሱም ስክሪኑን አውርዶ ይለብስና ይሰግዳል። ሲጨርስ አራግፎ መልሶ ይሰቅለዋል።

ፀሐይዋ ከበሩ ስትሸሽ ደግሞ ተራ ያለው ሰው ፊልም ይከፍታል። መክፈት የምንለው ያየውን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክን ነው። ማቋረጥ ክልክል ነው። ተራኪው ውሸት ከጨመረ ብቻ የሰማ ሁሉ «ሲግናል!» ብሎ ይጮሃል። ነገሩን ያመጡት ሽማግሌው ናቸው። በክበቡ አንድ ቀን፣ ፊልሙ ውስጥ ሲግናሉ፣ የማቆሚያው መብራት፣ ቀይ ሆኖ ሳለ ባቡሩ አለፈ አሉ። ነጂው ማሽኒስት፣ ፍሬን ያዡ ፍሬነር፣ መስመር ጠባቂው በአንድ ድምፅ «ሲግናል!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ፊልሙን መልሰው እስኪያሳዩዋቸው ድረስ ማንም አልተቀመጠም። ባቡሩ ሁለተኛም በቀይ ሄደ፤ እነሱም ተቆጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያን ሰሞን ቀኑን ከሕልም መለየት ይቸግረኝ ነበር። በሙቀቱ አሸልባለሁ፣ ስነቃ የተገለበጠው ወታደር ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው ወደ ላይ የሚፈስ ይመስላል። እንደገና አሸልባለሁ። አንድ ነገር ግን በደንብ አስተውያለሁ፤ ከእኛ ውስጥ ሁሉም ሰው ከመቀመጡ በፊት በሩን ያያል። እኔም በሦስተኛው ቀን ጀመርኩ።

በዘጠነኛው ቀን ተጠራሁ። የጠራኝ ሰው ትሁት ነበር። ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረልኝ፤ ሻይም አስመጣልኝ። «መምህር፣ አንተን ማቆየት አንፈልግም» አለና አንድ ገጽ ጽሑፍ ሰጠኝ። ሰመራ ላይ በየሐሙሱ ለተማሪዎቼ የማሳየው የፊልም ክበብ የድብቅ ስብሰባ ሽፋን ነው ይላል። አደራጁ ጓደኛዬ ነው ይላል፤ ከነስሙ፣ ከነአያቱ። ጓደኛዬ የአፋር ልጅ ነው፣ ቢሮ ሠራተኛ። ጥፋቱ ፕሮጀክተሩን ማዋሱና ባጃጅ ላይ ታቅፎ ማምጣቱ ነው። ከመያዜ ሁለት ሳምንት በፊት ሦስተኛ ልጁ፣ ሴት ልጅ፣ ተወልዳለች።

«ነገ ጠዋት ካሜራ ይመጣል» አለኝ ትሁቱ ሰውዬ። «ይህቺን አንብበህ ቤትህ ትገባለህ። ካላነበብክ ግን እኔም ምን ላደርግልህ እችላለሁ?»

ተመልሼ ለክፍሉ ሰዎች ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ ፊልም የመክፈት ተራው የእኔ ነበር፤ ይተውኛል ብዬ አስቤ ነበር፣ አልተውኝም። እኔም ለክበቡ በመጨረሻ ያዘጋጀሁትን ነገር አወራሁላቸው።

«በአንድ ዘመን» አልኩ፣ «ከጀርመንና ከኦስትሪያ ብዙ ተዋናዮች ሸሽተው አሜሪካ ገቡ። አይሁዶች ነበሩ ብዙዎቹ። በአገራቸው መድረክ የተጨበጨበላቸው ሰዎች፣ እዚያ ሲደርሱ አፋቸው በእንግሊዝኛ አልፈታ አለ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ለፊልም የጀርመን መኮንን የሚሆን ሰው ተፈለገ። እንዲህ ያለ አነጋገር ያላቸው ደግሞ እነሱ ናቸው። ያሳደዷቸውን ሰዎች ልብስ በልካቸው ሰፍተው አለበሷቸው።»

«ያሳደዷቸውን?» አለ ባለሱቁ።

«ራሱን።»

«ያ ረቢ!»

ክፉ ሰው ለማስፈራት መጮህ እንደሌለበት አሜሪካኖቹን ያስተማሯቸው እነሱ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ቀስ ብሎ መናገሩን፣ ፊት በግማሽ ጥላ ውስጥ ሲቀር ያለውን ነገር፣ ከነሱና አብረዋቸው ከተሰደዱት ነው የተማሩት። አሜሪካ እስከ ዛሬ የምትፈራው በነሱ አነጋገር ነው አልኩ። ባለሱቁ ጉልበቱን መታ።

«ወላሂ እውነቱን ነው! ሱቄ አጠገብ ቪዲዮ ቤት አለ። ክፉው ሰውዬ ሁሌ እንደዚያ እያላመጠ ነው የሚያወራው። ሾፌሮቹ እንኳ ሲቀላለዱ እንደሱ ነው የሚያወሩት። ስደተኛ ነው ለካ!»

ሽማግሌው «ረጅሙ፣ ጆሮ ትልቁስ? ሁልጊዜ መኮንን የሚሆነው?» አሉኝ። የትኛውን እንደሚሉ አወቅሁ።

«እሱም ከነሱ ነው ጋሼ።»

«ይገርማል። ለእኛ ፊልሞቹ ከድሬዳዋ የሚመጡት ፈረንሳይኛ ድምፅ ተደርጎባቸው ነው። ባቡሩም ፊልሙም ፈረንሳይኛ ነበር። የሰውዬውን የራሱን ድምፅ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም፤ ፈረንሳይ ነው ብዬ ስንት ዘመን ኖርኩ። አንድ ነገር ግን አይበት ነበር። ወንበር ሲስብ መጀመሪያ በሩን ያያል። ሽጉጥ ታጥቆ፣ ቢሮው የራሱ ሆኖ፣ በሩን ያያል። ምን ያስፈራዋል እያልኩ እዚያች ቦታ ላይ ፊልሙን ስንቴ መልሼዋለሁ።»

ከመካከላችን በሩን ያላየ ያለ አይመስለኝም።

«እንግዲህ ሠርተውታል» አልኩ። «የተጻፈላቸውን ነው ያነበቡት። ትወና መሆኑን ተመልካቹም ያውቃል። ማንም አልፈረደባቸውም።»

«ሲግናል» አሉ ሽማግሌው። አልጮሁም።

«ምኑ ላይ ዋሸሁ ጋሼ?»

«ልብሱን ለበሱ፣ እሺ። እንጀራ ነው። ደግሞ ያንን አውሬ እንደነሱ የሚያውቀው ስለሌለ ለዓለም አሳዩት፤ ደግ አደረጉ። ግን እዚያ ልብስ ውስጥ ሆነው የማንን ስም ጠሩ?»

«የማንንም። ደራሲ የፈጠረውን ስም።»

«ደራሲ የፈጠረው ሰው ቤቱ አይንኳኳም። ያንተ ወረቀት ላይ ያለውስ?»

ተናደድኩባቸው። እሳቸው ምን አለባቸው፣ ሰባ ዓመት ኖረዋል አልኩ በልቤ። እውነቱን ለመናገር ያን ታሪክ ያነሳሁት ለእውቀት አልነበረም፤ ፈቃድ ፍለጋ ነው። ፈርቼ ነበር። ቤቴ ናፍቆኝ ነበር፤ ያቺ የውሃ ባልዲ ሳትቀር ናፍቃኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ካሜራው ፊት ከመቅረቤ በፊት ግራጫ ኮት አመጡልኝ። ትንሽ ሰፋኝ። እጄን ኪሱ ውስጥ ስከት ጫፉ የታኘከ መፋቂያ አገኘሁ። ከእኔ በፊት የለበሰው ሰው ረስቶት ይሆናል። ምን ብሎ አነበበ? የማንን ስም? መፋቂያው ደርቋል፤ ያ ሰው ግን አጠገቤ የቆመ ያህል ተሰማኝ።

ወንበር ሰጡኝ። ከመቀመጤ በፊት ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ፤ ያኔ ረጅሙ ሰውዬ ትዝ አለኝና ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ኮቱን አወለቅሁ። በእጅጌው በኩል አጣጥፌ፣ መፋቂያውንም ኪሱ መልሼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ሆንክ መምህር?» አለኝ ትሁቱ ሰውዬ።

«የምናገረው በራሴ ሸሚዝ ነው።»

ካሜራው በርቷል። ሸሚዜ ነጭነቷን ከተወች ሰንብታለች፤ ቁልፎቿ ግን ሙሉ ናቸው። ስሜንና ሥራዬን ተናገርኩ። የፊልም ክበቡ የእኔ ነው፣ ፊልሞቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለበትም አልኩ። ትሁቱ ሰውዬ በእጁ ምልክት ሰጠና ካሜራው ጠፋ። ሻይ አላስመጣም።

አስራ አንድ ቀን ሌላ ቦታ አቆዩኝ። ስለነዚያ ቀናት አልጽፍም። ወደ መጋዘኑ ስመለስ ሽማግሌው ተፈትተው ነበር። ባለሱቁ ጀለቢያውን ለብሶ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሳ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ አወለቀውና ሲባጎው ላይ ሰቀለልኝ። «አልሃምዱሊላህ» አለ። «ተቀመጥ፣ ወታደሩ ሊመጣ ነው።» ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ አለቀስኩ።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። አሁንም ሰመራ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አውቶቡሱ አዋሽ ላይ ለምሳ ሲቆም ምግቡን ትቼ ወደ አሮጌው ጣቢያ በኩል ወረድኩና ሽማግሌውን ጠይቄ አገኘኋቸው። ከቤታቸው ደጅ፣ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ስልኬ ላይ የዚያን የረጅሙን ሰውዬ ፊልም ጭኜ ነበር፤ ፈረንሳይኛ ያልተደረገበትን፣ በራሱ ድምፅ የሚናገርበትን። ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። ሰውዬው መኮንን ነው፤ ገባ፣ በሩን አየ፣ ተቀመጠ፣ ያንን ከባድ እንግሊዝኛውን ቀስ እያለ ተናገረ። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አይሰሙም።

«እንደገና» አሉኝ። መለስኩላቸው። ሦስት ጊዜ ሰሙት።

«ይኼ ቁጣ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «አገሩ የራቀው ሰው ድምፅ ነው።» አውቶቡሱ ጡሩምባውን ሲነፋ እጃቸውን ስሜ ሮጥኩ።

ጓደኛዬ ዛሬም ሰመራ አለ። «ፕሮጀክተሬን በልተህ ቀረህ» እያለ ሰው ፊት ያሾፍብኛል፤ ፕሮጀክተሩ ከያዙኝ ቀን ጀምሮ እንደወጣ ቀርቷል። ያቺ ጨቅላ ልጁ አድጋለች። ካርቱን ላይ ያለውን ክፉ ዶክተር በዚያው አነጋገር እያስመሰለች ታስቀኛለች። ከየት እንደመጣ አታውቅም። ቤታቸው ስሄድ ከመቀመጤ በፊት በሩን ማየቴን አባቷ ልብ ብሏል። «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ይለኛል። «የፊልም አመል ነው» እለዋለሁ።

ስለ ወረቀቱ አልነገርኩትም። ይህን ጽሑፍ ካነበበው ራሱን ያገኘው ይሆናል። ሌላ ሰው ግን አያገኘውም፤ ስሙን እዚህም አልጠራሁትም።