«እንደምን» ብሎ የቀረው መልእክት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ነሐሴ፣ በገበያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

እኔ ሸዋ ሮቢት ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ሲ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ በራሴ ተምሬ፣ ደራሽ ውሃ ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ ፕሮግራም ጻፍኩ። ከላይ ወንዙ ዳር የተከልኩት መለኪያ ውሃው ከፍ ሲል ሱቄ ላለው ኮምፒውተር ይነግራል። ኮምፒውተሩ የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍ መልእክት በሚያደርስ የኢንተርኔት አድራሻ ጫፍ ላይ አያይዞ ወደ ጋሼ ሙሄ ስልክ ይልካል። ጋሼ ሙሄ ከታች የወንዙ መሻገሪያ አጠገብ ማሾ የሚዘሩ ገበሬ ናቸው፤ መልእክቱ ሲደርሳቸው ሰው እንዳይሻገር ይከለክላሉ።

መጀመሪያ የጻፍኩት «ሰላም ጋሼ፣ ደራሽ መጥቷል» የሚል ነበር። ሳሳያቸው ተቆጡ።

«እንደምን ዋሉ ሳይባል ወሬ ይጀመራል? ከተማ ገብተህ ባለጌ ሆንክ?»

እያጉረመረምኩ «እንደምን ዋሉ ጋሼ፣ ደራሽ መጥቷል» ብዬ ለወጥኩት።

የአማርኛ ፊደል አድራሻ ውስጥ እንዳለ አይገባም፤ በመቶኛ ምልክት እየታጀበ ወደ ኮድ መመንዘር አለበት። በሲ ደግሞ ይህን የሚሠራልህ ዝግጁ ነገር የለም፤ ራስህ ነህ የምትጽፈው። ጻፍኩት። «ፈተና» የሚል አንድ ቃል ላክሁ፣ ደረሰ። ኮራሁ። በቃላት መሃል ያለው ባዶ ቦታም መመንዘር እንዳለበት ግን ዘነጋሁ። ሳይመነዘር ከቀረ አድራሻው እዚያው ላይ ያበቃል፤ የተረፈው ጽሑፍ መና ይቀራል።

የዚያን ቀን እኛ ጋ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደጋው ግን ጠቁሯል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለኪያው ከፍ አለ፤ ኮምፒውተሬ «ተልኳል» አለ። እናቴ አህያዋን እየነዳች ከገበያ በዚያው መሻገሪያ የምትመለስበት ሰዓት ነው። እኔ ግን ጋሼ ሙሄ እዚያ አሉ ብዬ፣ ተረጋግቼ የሰው ስልክ መፍታቴን ቀጠልኩ።

ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ሙሄ ናቸው።

«ልጄ፣ ደህና ነህ? ‹እንደምን› ብለህ ዝም አልከኝ። ሰላምታ ከመሃል ሲቆረጥ አላየሁም። አላህ ይጠብቅህ፣ ምን አገኘህ?»

ክው አልኩ። «ጋሼ፣ ደራሽ ነው! ሰው ያስቁሙልኝ!»

ስልኩ ሳይዘጋ ጩኸታቸውን ሰማሁ። ቀጥሎ የውሃው ድምፅ መጣና ጩኸታቸው ጠፋ።

በባጃጅ በርሬ ስደርስ እናቴ ዳር ላይ ቆማለች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። እጇን ጎትተው የመለሷት እሳቸው ናቸው። አህያዋን ግን ከነጭነቷ ውሃው ወስዷታል።

ስህተቱን ያረምኩት በአንድ መስመር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩትን ሳሳያቸው ጋሼ ሙሄ ባይቆጡኝ ኖሮ፣ የሚደርሳቸው «ሰላም» የሚል ቃል ብቻ ነበር። «ወአለይኩም ሰላም» ብለው ስልኩን ኪሳቸው ይከቱት ነበር። እናቴም ትሻገር ነበር።