ከሚሴ፤ መጋረጃ የሌለው ጌም ቤት

እሑድ፣ ከላምበረት መነሻ

አውቶቡሳችን ከላምበረት ሲወጣ ገና አልነጋም ነበር። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ብዙ ንዴት ይዣለሁ። ስለ ቪዲዮ ጌም፣ ስለ ፊልምና ስለ ዘፈን አስተያየት የምሰጥበት ትንሽ ቻናል አለኝ። በቅርቡ አንድ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር አየሁ። ሂጃብ የለበሰች ወጣት በኳስ ጌም አንድ ጎረምሳ አሸንፋ፣ ከወንበሯ ዘላ እልል ስትል ያሳያል። ከሥሩ የተጻፈውን ስድብ እዚህ አልደግመውም። «ባል የላትም እንዴ?» የሚለው ከሁሉም ጨዋው ነበር።

ደሜ ፈላና በቻናሌ ተሟገትኩላት። በማግስቱ መልእክት ደረሰኝ። «ልጅቷ እኔ ነኝ። ዘይነባ እባላለሁ፤ ከሚሴ ጌም ቤት አለኝ። በዚህ ቪዲዮ ምክንያት አከራዬ ሊያስወጣኝ ነው፤ ሰኞ ሽማግሌ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ሆነሽ ከምትሟገቺልኝ መጥተሽ አጠገቤ ተቀመጪ» ይላል። የሄድኩት ለዚህ ነው።

ቁልቁል ወደ ቆላ

ደብረ ብርሃን ላይ ትንፋሻችን መስኮቱን አደበዘዘው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቤን አውልቄ ፓፓያ እየገዛሁ ነበር። ሻጯ ትልቁን በሰማንያ ብር ሰጥታኝ፣ እዚያው ቆርጣ በፌስታል አደረገችልኝ።

ከዚያ አንድ የፍየል ነጋዴ አጠገቤ ተቀመጡ። ለሰንበቴ ገበያ ነው የሚሄዱት።

«ከሚሴ ምን ሥራ አለሽ?» አሉኝ።

«ጌም ቤት ነው የምሄደው።»

ሳቁ። «የኔም ልጅ ከዚያ አይጠፋም። ወንድ ነው፣ ግዴለም።»

«ሴት ብትሆንስ?»

«እሱማ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ፓፓያ አቀረብኩላቸው፤ «ቢስሚላህ» ብለው ወሰዱ። ሰንበቴ ላይ መንገዱ በግመልና በፍየል ተዘግቶ አውቶቡሱ እየተንፏቀቀ ሲሄድ፣ ሰውዬው ወርደው በመስኮት በኩል «አላህ ይርዳሽ፤ ብቻ ብዙ አትከራከሪ» አሉኝ። ልከራከራቸው ስል በሕዝቡ መሃል ጠፉ።

በአጣዬና በካራ ቆሬ አልፈን የጨፋ ሜዳ ተከፈተ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከብቶቹ ከቦርከና ወንዝ ዳር እስከ ሆዳቸው ሣር ውስጥ ገብተዋል። በየኬላው መታወቂያ እያሳየን ከሚሴ የገባነው ፀሐይዋ ስትበርድ ነው።

ዘይነባ

መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ረጅም ናት፤ ስትራመድም ስትናገርም ትፈጥናለች። «አካም ጅርታ? ነጋያ? ወላሂ መጣሽ!» ብላ ትከሻዬን ጨበጠችው። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ እሷ ግን አማርኛ ጀምራ ኦሮምኛ ትጨርሳለች፣ እኔ ፊቷን እያየሁ እከተላለሁ።

ጌም ቤቷ ሦስት ስክሪን ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ በሁለቱም ቋንቋ «ጫት የለም፣ ውርርድ የለም» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ግጥሚያ ሃያ ብር ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሴቶች ነው፤ ቀሪው ጊዜ የሁሉም።

«ሁለት ዓመት ሲሠራ ማንም አልተናገረም» አለችኝ። «አንድ ደንበኛዬ ተሸነፈና ጓደኛው ሳላውቅ ቀርጾ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ ሰው ፊቴን ሳይሆን ስልኩን ያያል።»

ሰኞ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ

ጌም ቤቱ ፊት ለፊት የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አከራይዋ ሐጂ ሰይድ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ከመሃል ሆኑ። ዱዓ ተደረገ። ክፉ ሰው አይመስሉም፤ ሲናገሩም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ ክፉ አላየሁብሽም። ግን ዘመድ ከጅዳ ደውሎ ያ ቤት ያንተ ነው ወይ አለኝ። የተነሳው ስሜ ነው። ስለዚህ በቪዲዮ ይቅርታ ጠይቂ፤ በሩ ላይም መጋረጃ ስቀይ፣ ሴቶቹ አይታዩ። ከዚያ በሰላም ሥሪ።»

እኔ ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። ጌም አእምሮ እንደሚያፈጥን፣ በውጭ አገር እንጀራ እንደሆነ፣ ልጃገረዶችን ከቴክኖሎጂ ጋር እንደሚያላምድ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ሽማግሌዎቹ የመድኃኒት አወሳሰድ የሚነገራቸው ይመስል በጨዋነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘይነባ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

«እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ፤ ይበቃል» አለችና ወደ እሳቸው ዞረች። «ሐጂ፣ ወንዶቹ ሲጫወቱ ጥቅሙን ማን ጠየቃቸው? ደክሟቸው ይመጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ ስቀው ይሄዳሉ። እኔም ደስ ስለሚለኝ ነው የምጫወተው። ለደስታዬ ማስረጃ አላቀርብም።»

ከዚያ ወደ ሁሉም ሽማግሌዎች ዞረች።

«ሳልፈቅድ የቀረጸኝን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እስከ ዛሬ እሱን ማን ጠርቶ አስቀመጠው? የተበደልኩት እኔ፣ የተጠራሁት እኔ! ይቅርታ አልጠይቅም። መጋረጃም አልሰቅልም። የምደብቀው ነገር የለኝም።»

የሐጂ ፊት ተለወጠ። «እንግዲያው ወሩ ሲያልቅ ቁልፌን።»

«ለምን ወሩን ይጠብቃሉ? ነገ ይረከቡኛል።»

እኔ ተነስቼ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ እሷ ግን ሦስቱን ስክሪን የት ልታደርጋቸው ነው? ይህን ሳስብ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡት ሼህ ኑሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

«ልጄ፣ በሰላት ጊዜ ትዘጊያለሽ?»

«ኤዬ፣ እዘጋለሁ።»

«የኔ ቤት በር ላይ ያለችው ክፍል ባዶ ናት። ጠባብ ናት እንጂ ትበቃሻለች።»

«መጋረጃ የለውም ግን» አለች ዘይነባ፣ ፈጠን ብላ።

«መጋረጃ ማን አለሽ?» አሉና በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። «ያንንም ልጅ እንጠራዋለን። ይህ እስከ ዛሬ መቆየቱ የኛ ጥፋት ነው።»

ሐጂ ሰይድ አልተቃወሙም፤ አልተስማሙምም።

ማክሰኞ፣ ዕቃ ማጓጓዝ

ባጃጁ ውስጥ ትልቁን ስክሪን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ደንበኞቿ ወንበር ተሸከሙ፤ ሁለቱ ግን መንገድ ማዶ ቆመው ከማየት በቀር እጃቸውን አላነሱም። ቁልፉን ልትመልስ ስትሄድ ሐጂ በራቸው ላይ ነበሩ። «ውሃ ጠጥተሽ ሂጂ» አሏት። ጠጣች፣ አመሰገነች፣ ወጣች። አንዳቸውም ቃላቸውን አላጠፉም።

አዲሷ ክፍል አስፋልቱን ፊት ለፊት ታያለች። ዘይነባ ስክሪኑን ጥግ ውስጥ ልታደርገው ትችል ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ሰቀለችው። ከዚያ «ነይ፣ ተንታኟ» አለችኝ። አምስት ለአንድ አሸነፈችኝ። አንዷም ጎል የገባችልኝ ለሻይ አምጪው ልጅ ሂሳብ ስትከፍል ነው። ከጎረቤት ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ሻርፗ ላይ ሰክታ መጣች፤ አንዲት እናት ሕፃኗን እንዳዘለች በሩን ተደግፋ «ሞአቴ! አሸነፈች!» እያለች ሳቀችብኝ። ደስ ብሎኝ ተሸነፍኩ።

ቀጥሎ ዘይነባ ስልኳን እጄ ላይ አኖረች። «አሁን አንቺ ቅረጪኝ። ፊቴ ይታይ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የመጀመሪያውን ሌላ ሰው ለቀቀው። ይህን እኔ ነኝ የምለቀው።»

ሂጃቧን አስተካክላ ካሜራውን አየችው። «ዘይነባ እባላለሁ። ከሚሴ ነው ያለሁት። የምሰደብበት ቤት ይሄ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። መሳደብ የፈለገ መጥቶ ይጫወት።» ይቺን ብቻ ብላ ጨረሰች። ስልኳን ከእጄ ወስዳ እዚያው ለቀቀችው።

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ፤ ቤቴ ስገባ ዝናብ ነበር። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር በቻናሌ ላይ የምናገረውን ለውጦታል። እስካሁን ጌምን የምከላከለው ጥቅሙን እየቆጠርኩ ነበር፤ ለሴት ልጅ ጨዋታ ፈቃድ የምለምን እኔው ራሴ ነበርኩ። ከእንግዲህ አልለምንም። አንዲት ሴት ከሥራዋ መልስ ተቀምጣ መጫወትና ጮኻ መሳቅ ካማራት ይበቃል፤ ይህን ለመረዳት ጥናት የሚያስፈልገው ሰው እኔን መስማት የለበትም።

ቅዳሜ ከሰዓት ዘይነባ ደወለችልኝ። ያ ልጅ ተጠርቶ ቪዲዮውን አጥፍቷል፤ ሌሎች ስልኮች ላይ ግን አሁንም ይዞራል። አንዳንድ ወንዶችም፣ ክፍሏ ለመንገድ ስለተጋለጠች፣ መምጣት አቁመዋል።

«ተጎዳሽ?» አልኳት።

ከጀርባዋ ጩኸትና ሳቅ ይሰማል። «ምን አልሽኝ? አልሰማሁሽም!» አለች። ደገምኩላት።

«ይቅርባቸው» አለችኝ። «ቢመጡም ወንበር የለም፤ ሴቶቹ ይዘውታል።»