እናቴ ሳትሞት የመጣው እድር

የግቢያችን በር ቁልፍ የለውም፤ ያለው መቀርቀሪያ ነው፣ እሱም ከውስጥ። ስለዚህ ታስሬያለሁ ስል ሰው ይስቃል። «ማን አሰረሽ?» ይሉኛል። እናቴ ናት። ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ከያዛት ወዲህ አልጋዋ ላይ ሆና ትጣራለች፣ ቶሎ ካልደረስኩ ታለቅሳለች። ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ወንድሞቼ ከአዲስ አበባ እየደወሉ «አንቺ ስላለሽ ሐሳብ የለንም» ይላሉ። እነሱስ እኔ አለሁላቸው፤ ለእኔ ማን አለ?

ቤታችን ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው። ከአጥሩ ጀርባ ባጃጅ ሲንጫጫ ይውላል፣ ቅዳሜ ከተማው ሁሉ ወደ ሐይቁ ሲወርድ እሰማለሁ። የምመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይጠራኝ ውጭ መዋል ብቻ ነበር።

ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ። ሻይ አፈላለሁ። በሽታው እንዴት እንደጀመራት ከመጀመሪያው እተርካለሁ፤ አዲስ ሰው ከገባ ደግሞ እንደገና። «ምርቃቷ ይበቃሻል» ብለውኝ ይሄዳሉ፣ እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ። ምርቃት አልጠላም፤ ግን እናቴን አያገላብጥልኝም።

የሰፈራችን የሴቶች እድር ስብሰባውን በየተራ በአባላቱ ግቢ ያደርጋል። ተራው እኛ ዘንድ ሲደርስ እጄን አወጣሁ።

«እናቴ ስትሞት ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ወጥ ትሠራላችሁ፣ ሦስት ቀን አብራችሁኝ ትቀመጣላችሁ። ከዚያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ቀንሳችሁ አሁን ስጡኝ።»

ሰብሳቢዋ «አታሟርቺ ልጄ፤ ደንባችን ለሞት ነው» አሉኝ። እኚህ ሴትዮ መዋጮ በዘገየ ቁጥር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉ ናቸው።

«ታዲያ የእኔን ሎሚ ማን ይያዝልኝ?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ አልተጸጸትኩም።

ከዳር የተቀመጡ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ስልጤ እናት ሳቁ። «እውነቷን ነው። እስክንሞት ነው እንዴ የምንጠባበቀው?» አሉ። ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሊመጡ ተስማሙ።

ረቡዕ ጫማዬን አድርጌ አንድ ሰው ጠበቅኩ። እነሱ ግን ተሰብስበው መጡ፤ እድርተኛ በሽተኛ ቤት ብቻውን አይሄድም። ነጠላና ሻርፕ ተከናንበው ግድግዳውን ታክከው በረድፍ ተቀመጡ። አብረው መቀመጥ የለመዱት ለቅሶ ቤት ስለሆነ ሌላ አቀማመጥ አልመጣላቸውም። «አንቺ ሂጂ እንጂ» ይሉኛል። ቤት ሙሉ እንግዳ አስቀምጬ የት ነው የምሄደው? ጫማዬን አውልቄ ሻይ ልጥድ ኩሽና ገባሁ።

እናቴ ያኔ ከእንቅልፏ ነቃች። የእድሩን ሴቶች በረድፍ አየች፤ እኔን በዓይኗ ፈለገች፣ የለሁም። ጩኸቷን ኩሽና ሆኜ ሰማሁ። በተጣመመ አፏ «ልጄን... ልጄን» እያለች በደህና እጇ ደረቷን ትደቃለች። የሞትኩት እኔ መስሏታል። ሮጬ ስገባ እጄን ያዘችኝ፣ ሴቶቹ ሄደው እስኪመሽ ድረስም አልለቀቀችኝም። ከዚህ ቤት የምወጣው ከሁለታችን አንዳችን ስንሞት ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ማሰቤም ራሴን አስጠላኝ።

በሚቀጥለው ረቡዕ በሩ ተንኳኳ። ጨርቅ ነጋዴዋ ብቻቸውን ቆመዋል፣ ሻያቸውን በፔርሙስ ይዘው።

«እንግዳ አይደለሁም፤ አንድ ነገር እንዳታቀርቢልኝ» ብለውኝ ገቡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና እናቴን «ልጅሽን ሐይቅ ልልካት ነው። ወላሂ ትመለሳለች። እስከዚያ እኔና አንቺ ሰው እናማለን» አሏት።

እናቴ እጄን እንደያዘች ፊቴን አየችው። ከዚያ እጄን ለቀቀችው። «ሂ...ጂ» አለች።

ሴትየዋ እስከ በር ሸኙኝ፤ «አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን እንዳትመጪ» ብለው ከውስጥ ቀረቀሩት።

ሐይቁ ዳር ደረስኩ፣ መቀመጥ ግን አቃተኝ። ጆሮዬ ቤት ቀርቷል። ስልኬን አሥር ጊዜ አውጥቼ አየሁ። ዓሣ አዝዤ ሳይመጣልኝ ተነሣሁ፣ ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ።

አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ይክፈቱልኝ።»

«ሰዓትሽ ገና ነው» አሉኝ፣ አልከፈቱም።

ልቆጣ ስል በመስኮቱ በኩል የእናቴን ሳቅ ሰማሁ። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እኔ ፊት አንድም ቀን አልሳቀችም። ቀናሁ፣ እውነቴን ነው። በዚያ ቤት ማን ከማን ጋር ታስሮ እንደኖረ የገባኝም ያኔ ነው፤ እሷም ከእኔ ሌላ ሰው አልነበራትም።

ሁለተኛ አላንኳኳሁም። በራፋችን ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጬ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ሳቋን አዳመጥኩ።